‹ትራፊክ›ን ዛሬ ማታ ለማየት ለተነሣ ሰው

አንዳንድ ፊልም አለ፤ ስሙን ሁሉም ያውቀዋል፣ ያየው ሰው «እስካሁን አላየኸውም?» እያለ ይገረማል፣ ያላየው ደግሞ «አንድ ቀን ረጋ ብዬ አየዋለሁ» እያለ ለዓመታት ያስተላልፈዋል። ስለ ሕገ ወጥ የአደንዛዥ ዕፅ ንግድ ከተሠሩ ፊልሞች መካከል ይህ ዕጣ በብዛት የሚደርሰው፣ በእኔ ግምት፣ ስቲቨን ሶደርበርግ አዘጋጅቶት እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ለሕዝብ የቀረበው ‹ትራፊክ› ነው። ፊልሙ 147 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሦስት ታሪኮችን ጎን ለጎን ይዞ ይጓዛል፤ ከሦስቱ አንዱ የሚነገረው በስፓኒሽ ነው፤ ጉዳዩም ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ደክሞት የገባ ሰው የሚመርጠው ዓይነት አይደለም። እኔም ሁለት ጊዜ ጀምሬ አቋርጬዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ያየሁት በስልክ፣ ጋደም ብዬ፣ በየመሐሉ መልእክት እየመለስኩ ስለነበር ማን ከማን ጋር እንደሚሠራ ጠፍቶኝ ተውኩት። ሦስተኛው ጊዜ ቅዳሜ ማታ ነበር፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳልነሣ ተመለከትኩት፤ ያን ጊዜ ፊልሙ ከተመልካቹ የሚጠይቀው ሥራ እንዳለና ያንን ሥራ የሠራለትን ሰው ደግሞ ቆጥሮ እንደሚክሰው ተረዳሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው፣ አንድ ወዳጄ ዛሬ ማታ ሊያየው ቢነሣ አጠገቡ ተቀምጬ የምነግረውን ነው።

በቅድሚያ ርእሱ ላይ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። በእኛ አገር «ትራፊክ» ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሞ መኪና የሚያስተናግደው ፖሊስ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ያው ቃል የተሽከርካሪ ፍሰትንም የተከለከለ ዕቃ ዝውውርንም ይይዛል፤ ፊልሙም በሁለቱም ፍቺዎች ይጠቀማል። በሜክሲኮና በአሜሪካ መካከል በሚገኘው በሳን ይሲድሮ መተላለፊያ ላይ መኪኖች ተደርድረው ወረፋ ሲጠብቁ የሚታዩበትን ቦታ ሲደርሱ ይህንን ያስታውሱ። ሕጋዊውና ሕገ ወጡ ፍሰት በአንድ መንገድ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ዓይነት መኪና ያልፋል፤ ጠባቂው ሁሉንም አስቁሞ ቢፈትሽ ንግዱ ይቆማል፣ ካልፈተሸ ዕፁ ያልፋል።

ከማየትዎ በፊት

የሚያዩበት መስኮት ትልቅ ቢሆን ይመረጣል፤ ስልክ ብቻ ካለዎት ግን አንድ ነገር ሳያደርጉ አይጀምሩ። በብዙ ስልኮች ላይ ማታ ማታ ዓይን እንዳይደክም ተብሎ መስኮቱን ወደ ቢጫ የሚያዞር ማስተካከያ አለ፤ እሱን ያጥፉት። ይህ ፊልም በቀለም የሚነበብ ፊልም ነው፣ ስልክዎ ሁሉንም ነገር ቢጫ ካደረገው ደግሞ ዳይሬክተሩ በእጅዎ የሰጠዎትን ካርታ መልሰው ቀደዱት ማለት ነው። በቴሌቪዥን የሚያዩ ከሆነም ቀለሙን የሚያጋንነውንና እንቅስቃሴውን ከልክ በላይ የሚያለሰልሰውን ማስተካከያ ትተው ለፊልም የተዘጋጀውን ይምረጡ። ምስሉ ሻካራና ካሜራው የሚንቀጠቀጥ መስሎ ቢታይዎ ጉድለት አይደለም፤ ሆን ተብሎ እንደዚያ ተቀርጿል።

የግርጌ ትርጉሙን (ሰብታይትሉን) በተመለከተ ደግሞ፣ ሜክሲኮ ውስጥ የሚካሄደው ታሪክ በስፓኒሽ ስለሚነገር ቢያንስ የዚያ ክፍል ጽሑፍ መኖሩን በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ያረጋግጡ። ከበይነ መረብ የወረዱ ቅጂዎች ላይ ይህ ጽሑፍ አንዳንድ ጊዜ ይጎድላል፤ ያለ እሱ ፊልሙን መቀጠል ጊዜ ማባከን ነው። እንግሊዝኛው ለሚፈጥንብዎት ለሙሉው ፊልም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማብራት ምንም ነውር የለበትም። ብዙዎቻችን የውጭ ፊልም ማየት የለመድነው አንድ ተራኪ የሁሉንም ገጸ ባሕርያት ንግግር በአማርኛ እየተረጎመ በሚያሰማበት መንገድ ነው፤ ለብዙ ፊልም ያ በቂ ነው። ለዚህኛው ግን አልመክረውም፤ ምክንያቱም እዚህ ማን በየትኛው ቋንቋ ከማን ጋር እንደሚነጋገር ራሱ የታሪኩ አካል ነው። አንድ የቲኋና (የሜክሲኮ የድንበር ከተማ) ፖሊስ ከአሜሪካ መርማሪዎች ጋር ሲቀመጥ ቋንቋውን መቀየሩ፣ መቼ ወደ ስፓኒሽ እንደሚመለስ፣ ማን እንደማይገባው፣ ሁሉም ትርጉም አለው፤ አንድ ድምፅ ሁሉንም ሲናገረው ያ ይጠፋል።

ከማን ጋር እንደሚያዩትም ያስቡበት። ፊልሙ ለሕፃናት አይደለም፤ ስቃይ ሲፈጸም፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ዕፅ ስትወስድና ገላዋ ለዚያ መክፈያ ሲሆን ያሳያል። ከወላጅ ወይም ከታላላቆች ጋር አብሮ ማየት ለማይቀልላቸው ቤተሰቦች ይህንን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ከሱስ ለመውጣት እየታገለ ያለ ሰው በቤቱ ውስጥ ካለ ደግሞ ሳያማክሩት አይክፈቱት።

ሦስቱ ቀለሞች

ሶደርበርግ በዚህ ፊልም ላይ ካሜራውን የያዘው ራሱ ነው፤ ከአባቱ ስሞች ወስዶ ‹ፒተር አንድሩስ› በሚል የብዕር ስም በካሜራ ባለሙያነት ተመዝግቧል። ሦስቱን ታሪኮች ተመልካቹ ሳይጨነቅ እንዲለያቸው ለእያንዳንዳቸው የተለየ የምስል መልክ ሰጣቸው። ሜክሲኮ ውስጥ የሚሆነው ሁሉ የትንባሆ ቅጠል በመሰለ ቡናማ ቢጫ ታጥቦ፣ ፀሐይዋ ዓይን እየወጋች ይታያል። ኦሃዮና ዋሽንግተን የሚሆነው ለቤት ውስጥ መብራት የተሠራ ፊልም በቀን ብርሃን ሳይስተካከል ስለተቀረጸበት ሰማያዊና ቀዝቃዛ ነው። ከቲኋና ማዶ ባለችው የአሜሪካ ከተማ ሳንዲያጎ የሚሆነው ደግሞ ብሩህ፣ ለስላሳ፣ ትንሽ የፈዘዘና ሀብታም ሰፈር የሚመስል ነው። ስሞቹ ቢጠፉብዎት አይጨነቁ፤ ቀለሙን ያዩና የት እንዳሉ ያውቃሉ።

በቢጫው ውስጥ ሃቪየር የሚባል የቲኋና ፖሊስና ባልደረባው ማኖሎ አሉ፤ ሃቪየርን የሚጫወተው ቤኒሲዮ ዴል ቶሮ ነው። በሰማያዊው ውስጥ ሮበርት ዌክፊልድ የሚባል የኦሃዮ ዳኛ አለ፤ የአገሪቱን የፀረ ዕፅ ፖሊሲ እንዲመራ በዋይት ሐውስ ተሹሟል፣ ልጁ ካሮላይን ደግሞ እሱ ሳያውቅ ሱስ ውስጥ እየገባች ነው። በብሩሁ ውስጥ ሄለና የምትባል ነፍሰ ጡር የቤት እመቤት ባሏ በዕፅ አዘዋዋሪነት ይያዝባታል፤ ባሏን የሚከታተሉት ደግሞ ሞንቴልና ሬይ የተባሉ ሁለት የፌዴራል መርማሪዎች ናቸው። ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ይህንን ያህል ከያዙ በቂ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን አንድ ነገር መጠበቅ ይጀምሩ፦ አንድ ሰው ከራሱ ቀለም ወጥቶ ወደ ሌላው ቀለም የሚገባበትን ጊዜ። ዳኛው ከሰማያዊው ዓለም ተነሥቶ ሜክሲኮ ሲደርስ ልብሱም ፊቱም ቢጫ ይሆናል፤ በእሱ ሥልጣን የማይታዘዝ ብርሃን ውስጥ ገብቷል። ሃቪየር ሳንዲያጎ ሲሻገር ደግሞ ከዚያ ከሚያቃጥል ፀሐይ ወጥቶ ለስላሳ ብርሃን ውስጥ ሲቀመጥ ምን ያህል እንግዳ እንደሚሆን ያያሉ።

ተመልካቹ ብቻ የሚያውቀው

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። ሃቪየር፣ ዳኛው ዌክፊልድና ሄለና በፊልሙ ውስጥ እርስ በርስ አንድ ቃል አይነጋገሩም። አንዳቸው የሚያደርጉት ሌላውን ይነካል፣ ግን አይተዋወቁም። ዳኛው ሪፖርትና አኃዝ ያያል፤ ልጁ ያጨሰችው ዕፅ በየትኛው መኪና ድንበር እንደተሻገረ አያውቅም። ሄለና የምታየው ቤቷንና ልጇን ነው፤ ገንዘቡ በመጨረሻ ማን ደጃፍ ላይ ሐዘን እንደሚያወርድ አትጠይቅም። መርማሪዎቹ አንድ ምስክር ይዘው እሱን ከሞት መጠበቅ ሥራቸው ሆኗል። ሰንሰለቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያየው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ተመልካች ብቻ ነው። ስለዚህ ታሪኩ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር ራስዎን ይህን ይጠይቁ፦ አሁን እኔ የማውቀው፣ ይህ ሰው ግን የማያውቀው ነገር ምንድን ነው? ይህንን ጥያቄ ይዘው ያዩት እንደሆነ ፊልሙ ረጅም መሆኑ ይረሳዎታል። ዋና ጀግና ፈልገው ከተቀመጡ ግን ይሰለቻሉ፤ ጀግናው ሲመጣ ታሪኩ ትቶት ይሄዳልና።

በቦሌ አየር ማረፊያ በትራንዚት ሲያልፉ ኮኬይን የተያዘባቸውን መንገደኞች ዜና የሰማ የአዲስ አበባ ሰው ይህ ነገር አይከብደውም። ዜናው የሚነግረን የተያዘውን ሰው፣ የተያዘበትን ኪሎና የበረራውን መነሻ ነው፤ ከእሱ በፊት ያለውንም ከእሱ በኋላ የሚጠብቀውንም አናይም፣ ብዙ ጊዜ ተሸካሚው ራሱም አያየውም።

ሚጌል ፌረር የሚጫወተው ኤድዋርዶ ሩዊዝ የተባለው የተያዘ ነጋዴ ለመርማሪው የሚናገረውን በጥሞና ያዳምጡ። ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፦ እኔን የያዛችሁኝ ተፎካካሪዬ የሆነው ካርቴል (የዕፅ ነጋዴዎች ቡድን) ስለጠቆማችሁ ነው፤ እናንተ ሥራችሁን ስትሠሩ የምትጠርጉት መንገድ ለእሱ ነው። ንግግሩ የሚያልፈው በተራ ወሬ መልክ ስለሆነ ስልክ ላይ ያቀረቀረን ሰው ያመልጠዋል። በእኔ ግምት ግን የፊልሙ አከርካሪ ያ ነው፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣ እያንዳንዱ «ድል» የማን ድል እንደሆነ ማስላት ይኖርብዎታል።

ጎላ ብለው የማይታዩ፣ ሆኖም ዓይን ሊነቀልባቸው የማይገባ ሌሎች ጊዜያት አሉ። አንደኛው ሃቪየር ከአሜሪካ መርማሪዎች ጋር የሚነጋገርበት ነው። የሚነጋገሩት መዋኛ ገንዳ ውስጥ ሆነው ነው፤ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ድምፅ መቅጃ ሊደብቅ አይችልምና። መረጃ ለመስጠት ምን እንደሚፈልግ ሲጠይቁት ገንዘብ ይጠራል ብለው ይጠብቃሉ። እሱ የሚጠይቀው የሰፈሩ የቤዝቦል ሜዳ ላይ መብራት እንዲተከል ነው፤ ልጆቹ ማታ እንዲጫወቱ፣ ጨለማው ወደ ሌላ ነገር እንዳይወስዳቸው። ዴል ቶሮ ይህንን የሚለው ድምፁን ሳያነሣ፣ ዓይኑን ከፍቶ፣ እየተዋረደም እየተኩራራም ሳይሆን ነው። ይህን ልመና አይርሱት፤ ፊልሙም አይረሳውም። ተዋናዩ አብዛኛውን በስፓኒሽ በተናገረበት በዚህ ሚና በ2001 የኦስካር የምርጥ ረዳት ተዋናይ ሽልማት አግኝቷል። በዚያው ሌሊት ሶደርበርግ በዳይሬክተርነት፣ ስቲቨን ጌገን ከሌላ ሥራ በተወሰደ የፊልም ድርሰት፣ ስቲቨን ሚሪዮኒ ደግሞ በኤዲቲንግ ተሸልመዋል።

ሁለተኛው የዳኛው ብርጭቆ ነው። ማይክል ዳግላስ የሚጫወተው ይህ ሰው አገሩን ከዕፅ ሊያጸዳ የተሾመ ነው፤ ማታ ቤቱ ሲገባ ግን እጁ የሚሄደው ወደ ውስኪ ነው። ሚስቱ ይህንን ታነሣበታለች። ካሜራው ብርጭቆው ላይ አይቆምም፣ ሙዚቃም አይረዳዎትም፤ ራስዎ ካላዩት ያልፋል። የዋሽንግተኑን የግብዣ ትዕይንት ሲያዩ ደግሞ፣ ከሚያነጋግሩት ሰዎች መካከል ኦሪን ሃች፣ ባርባራ ቦክሰር፣ ሃሪ ሪድና ቻክ ግራስሊ በወቅቱ እውነተኛ የአሜሪካ ሴናተሮች እንደነበሩ ይወቁ፤ ራሳቸውን ሆነው ነው የተገኙት። የተሾመው ሰው ልብ ወለድ ሲሆን የከበቡት ሕግ አውጪዎች እውነተኞች መሆናቸው ትዕይንቱን ከባድ ያደርገዋል።

ሦስተኛው አውሮፕላን ውስጥ ነው። ዳኛው ከድንበሩ ጉብኝት ሲመለስ ከረዳቶቹ መካከል አዲስ ሐሳብ ያለው እንዲናገር ይጠይቃል፤ ምንም ዓይነት ሐሳብ ቢሆን እቀበላለሁ ይላል። የሚከተለው ዝምታ ነው። የአውሮፕላኑ ድምፅ ብቻ ይሰማል፣ አንዱ ወረቀቱን ያያል፣ ሌላው መስኮቱን። እ.ኤ.አ. በ1971 ፕሬዝዳንት ኒክሰን ዕፅን የአገር ጠላት ቁጥር አንድ ብሎ ካወጀ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው በተቃረበበት ጊዜ የተሠራ ፊልም ነው፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ እነዚያ ዓመታት በሙሉ አሉ።

ልጅ ያሳደጉ ተመልካቾች፣ በተለይም በውጭ አገር እየሠሩ በሁለት ቋንቋ መሐል ልጅ የሚያሳድጉ ወገኖቻችን፣ የካሮላይን ታሪክ ከሌላው ይበልጥ እንደሚያማቸው ከራሴ ዘመዶች አይቻለሁ። ልጅቷ በትምህርቷ ጎበዝ ናት፤ ቤቱ ሰፊ ነው፤ አባቷ ሥራ ላይ ነው። ምልክቱ ሁሉ ቤት ውስጥ ነበር። ያንን ክፍል ካዩ በኋላ ወዲያው ለልጆቻችሁ ምክር መስጠት አይጀምሩ፤ በበኩሌ መጀመሪያ ዝም ብሎ ማደር የተሻለ ይመስለኛል።

ፊልሙ የሚደክምበት

የተመሰገነ ሥራ ነው ብሎ ሁሉንም መቀበል አያስፈልግም። ሜክሲኮ ሁልጊዜ ቢጫ፣ አቧራማና የተቃጠለች ሆና መታየቷ ከዚህ ፊልም በኋላ በብዙ የአሜሪካ ፊልሞችና ተከታታይ ድራማዎች እየተደጋገመ ልማድ ሆኗል፤ ቲኋና ሰማይዋ እንደማንኛውም ከተማ ሰማያዊ ነው። ሳያስቡት ያንን ቀለም ከሰዎቹ ባሕርይ ጋር እንዳያያይዙት ይጠንቀቁ። የካሮላይን ውድቀትም ጥልቀቱ የሚለካው ነጭ ሴት ልጅ ጥቁር ዕፅ ሻጭ ክፍል ውስጥ በመገኘቷ ነው፤ ይህ ያረጀና ፍትሕ የጎደለው ሥዕል ነው። ጸሐፊው ጉዳዩ ሳይታወቀው አልቀረም፤ ሴዝ የተባለው የልጅቷ የወንድ ጓደኛ መኪና ውስጥ ሆኖ ለአባቷ፣ ነጮች በየቀኑ ወደ ጥቁሮች ሰፈር እየሄዱ ዕፅ መጠየቃቸው በዚያ ሰፈር ላይ ምን እንደሚያደርግ እንዲያስብ ይነግረዋል። ሆኖም ንግግሩን የሚያደርገው ሌላ ነጭ ልጅ ነው፤ የሰፈሩ ሰዎች ስለ ራሳቸው የሚናገሩበት ቦታ ፊልሙ ውስጥ የለም።

ካዩት በኋላ ብቻ የሚነበብ

ፊልሙን ገና ካላዩ ይህንን ክፍል እዚህ ላይ አቁመው በኋላ ይመለሱበት።

ጄኔራል ሳላሳር የተባለው፣ ቶማስ ሚሊያን የተጫወተው ሰው፣ ከምናብ ብቻ የመጣ አይደለም። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1996 ጄኔራል ኼሱስ ጉቲየሬስ ሬቦዮን የፀረ ዕፅ መሥሪያ ቤቷ ኃላፊ አድርጋ ሾመች። የአሜሪካ የፀረ ዕፅ ፖሊሲ መሪ የነበሩት ባሪ ማካፍሪም ሐቀኝነታቸውን በአደባባይ አመስግነው ነበር። በየካቲት 1997 ጄኔራሉ ተያዙ፤ ለኹዋሬስ ካርቴል አለቃ ለአማዶ ካሪዮ ፉዌንቴስ ሲሠሩ እንደነበር ተገለጸ። ተቀናቃኝ ቡድኖችን ማሳደዳቸው እውነት ነበር፤ የሚያሳድዱት ግን ለአንዱ ነጋዴ ገበያ ለማስለቀቅ ነበር። ይህንን ካወቁ በኋላ ጄኔራሉ የመጀመሪያውን ጭነት ከነሃቪየር እጅ የሚወስድበትን በረሃ ላይ ያለውን መክፈቻ መልሰው ይመልከቱት። መጀመሪያ ሲያዩት በፖሊስና በጦር ሠራዊት መካከል ያለ የሥልጣን ሽኩቻ ይመስላል፤ ሁለተኛ ሲያዩት የተሰረቀ ዕቃ ባለቤቱን ሲቀይር ያያሉ። የዳኛውን ያልተጠናቀቀ ንግግርም እንዲሁ። ባለ አሥር ነጥብ ዕቅዱን እያነበበ መሐል ላይ ሲያቆም፣ በጦርነት ስም የራስን ቤተሰብ መውጋት እንደማይችል ሲናገር፣ ከአውሮፕላኑ ዝምታ ጋር አያይዘው ያድምጡት።

ፊልሙን ወድደው ተጨማሪ ለማየት ከፈለጉ ሌላ የካርቴል ድራማ ከመፈለግ ይልቅ ወደ ምንጩ ይሂዱ። ‹ትራፊክ› የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1989 በብሪታንያ ቻናል ፎር ከታየ ተከታታይ ድራማ ነው፤ የእሱ ሰንሰለት ከፓኪስታን በጀርመኑ ሐምቡርግ አድርጎ ብሪታንያ የሚደርስ የሄሮይን ሰንሰለት ነው። ሴራው በብዙ ቦታ ከአሜሪካው ጋር ይመሳሰላል፤ ሹሙም፣ ሱሰኛዋ ልጅም፣ የታሰረው ነጋዴ ሚስትም አሉ። በአሜሪካው ፊልም ውስጥ ጭራሽ የሌለ አንድ ሰው ግን በእሱ ውስጥ አለ፤ የፖፒ ተክሉን የሚያለማው ገበሬ። ማሳው ይጠፋበታል፣ ሌላ የሚተክለው የለውም፣ ቤተሰቡን ይዞ ካራቺ ይወርድና ያንኑ ሰብል ከሚገዛው ነጋዴ ዘንድ ይቀጠራል። ከሆሊዉድ ሥራ ላይ የቀረው እሱ ነው፤ ኮኬይኑ በቲኋና በረሃ ከሰማይ በአውሮፕላን እንደ ወረደ ሆኖ ይጀምራል፣ ከዚያ በፊት የማን እጅ ቅጠሉን እንደቀነጠበ አይታይም። የብሪታንያውን ድራማ ከፈለጉ መጀመሪያ የገበሬውን ክፍል በትዕግሥት ይመልከቱ፣ ከዚያ ወደ ሶደርበርግ ተመልሰው የመጀመሪያዋን አውሮፕላን ስታርፍ ይዩዋት።